የአውሬውን መሻገሪያ የምታውቁት እናንተ ናችሁ



ማታ በማስተምርበት ክፍል አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ፊደሉን ለየሁ። ቁጥሩንም እስከ መቶ ጻፍኩ። እንግዲህ ምን ልጻፍበት?» ያን ዕለት መልስ አጣሁ። አሁን ግን መልስ አለኝ። በመኪና መንገድ ዳር የምትኖሩ ሁሉ፣ እናንተም ስሙኝ። መንገዱን የሚያቋርጠውን አውሬ ጻፉ።

«ደግሞ ለአውሬ! እህላችንን የሚያጠፋው እሱ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። በጨለማ አንድ አጋዘን ድንገት መንገድ ውስጥ ቢገባ ሾፌሩ መሪውን ይጠመዝዛል። መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። በውስጡ ያለው ማን ነው? ከገበያ የሚመለሰው የኛው ሰው ነው። አውሬው የሚሻገርበት ቦታ አስቀድሞ ቢታወቅ ሰውም አውሬም ይተርፋል።

ባሌን እንውሰድ። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሜዳ አለ። የደጋ አጋዘን እዚያ ይግጣል፤ የመኪናው መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ሁለቱም አውሬዎች ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። አዋቂ ቀይ ቀበሮ በሙሉ ቢቆጠር ከ500 ያንሳል። ከዚህም የሚበዛው ያለው ባሌ ነው። እንዲህ ካነሰ ቤተሰብ ላይ መኪና አንዱን ሲገጭብን ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ሌላ አገር ምን አደረጉ? በካናዳ፣ ባንፍ በሚባል ቦታ ትልቅ አውራ ጎዳና አለ። ግራና ቀኙን አጠሩት። ከዚያ ለአውሬው ከመንገዱ በላይ ድልድይ፣ ከመንገዱ በታች መተላለፊያ ሠሩለት። ድልድዩ ላይ አፈር ሞልተው ሣርና ዛፍ አበቀሉበት። የመኪናና የአውሬ ግጭት ከመቶ 80 እጅ በላይ ቀነሰ። ይህም ማለት፣ ቀድሞ 10 ግጭት ከነበረ አሁን 2 እንኳ አይሞላም። በጎረቤታችን በኬንያም፣ በኬንያ ተራራ ሥር፣ በ2003 ዓ.ም. ዝሆን ከመንገድ በታች የሚያልፍበት መተላለፊያ ተሠራ። ዝሆኑም አለፈበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ድልድይ ስለተሠራ ብቻ አውሬ አይመጣም። አውሬም እንደ ከብት የለመደው መሄጃ አለው። ቦታው ከተሳተ ገንዘቡ ባከነ። ስለዚህ መቁጠር ያስፈልጋል። የባንፍ ባለሙያዎች እንዴት ቆጠሩ? መተላለፊያው ላይ አሸዋ አንጥፈው፣ እየተመላለሱ ኮቴ እያዩ ጻፉ። ካሜራም አኖሩ። ኮቴ ማንበብማ የእናንተ ሙያ አይደለም እንዴ! የጠፋች ጊደር በኮቴዋ ተከትሎ የሚያገኝ ማን ነው?

በዚያው በካናዳ፣ ክሮውስነስት በሚባል ሸለቆ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተራው ነዋሪ በመንገድ ሲያልፍ ያየውን አውሬ፣ የሞተውንም በሕይወት ያለውንም፣ ከነቦታው አስመዘገበ። ባለሙያዎች ይህንን የሕዝብ መዝገብ ይዘው አውሬ የሚበዛበትን ቦታ ለዩ። ነዋሪው ዲግሪ አምጣ አልተባለም። አይቶ በእውነት መናገሩ በቃ።

እኔ የምለው ይህ ነው። አውሬ በሚሻገርበት መንገድ ዳር ያለ ቀበሌ ሁሉ አንድ ደብተር ይኑረው። ገጹን ለ5 ክፈሉት። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው ሰዓቱን፣ በሦስተኛው የአውሬውን ዓይነትና ብዛት፣ በአራተኛው ቦታውን ጻፉ። በአምስተኛው በሕይወት ነበረ፣ ሞቶ ነበር ወይስ ኮቴ ብቻ ነው የታየው፣ እሱን ጻፉ። ቦታውን ስትጽፉ «መንገድ ላይ» ብቻ አትበሉ። «ከድልድዩ ወደ ጎባ በኩል 200 እርምጃ» በሉ። ሄዳችሁ ምንም ካላያችሁ «የለም» ብላችሁ ጻፉ። ባዶው ቀን ካልተጻፈ ብዙውን ከጥቂቱ መለየት አይቻልም። ያላያችሁትን አትጨምሩ። አንዱን ሬሳ ሁለት ሰው እንዳይጽፈው ተጠያየቁ። የሞተ አውሬ በእጃችሁ አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። መንገዱ መሀልም አትቁሙ።

ድልድይ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ዛሬ ስለጻፍን ነገ ይሠራልናል ብዬ አልዋሻችሁም። ፍጥነት የሚያስቀንስ ጉብታና የማስጠንቀቂያ ምልክት ግን ያን ያህል ወጪ የላቸውም። የተደፈነ የውሃ ቱቦ ቢጠረግም ለትንንሾቹ አውሬዎች መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። እነዚህም ቢሆኑ በቦታቸው ካልዋሉ ከንቱ ናቸው። መሐንዲሱ ካርታ አለው፤ አውሬው በየትኛው ጥግ እንደሚወርድ ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «እዚያ ጋ ይመስለናል» ብትሉት ሊረሳው ይችላል። የአንድ ዓመት ደብተር ዘርግታችሁ አንዱ ቦታ 20 ጊዜ ተጽፎ ብታሳዩት ግን ምን ብሎ ያልፈዋል?

ለዚያ አባት መልሴ እነሆ። አባቴ፣ ዛሬ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ልብ ብለው ይዩት። ያዩትን ይጻፉ። ነገም ይጻፉ። ቁጥር የተማርነው ለዚህ ነው።