ልብሱ ለምን አልደርቅ አለ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በደጋ የሚኖሩ እናቶች ሁሉ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ልብስ ካጠብኩ ሦስት ቀኔ ነው፤ አልደርቅ ብሎኝ መሽተት ጀመረ፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ። ማሽን የገዛች እህት ደግሞ «ማድረቂያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞሮ ልብሱን እንደረጠበ ያወጣዋል» ትላለች። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ገመድም ሆነ ማሽን ልብስን የሚያደርቁት በሦስት ነገር ነው፦ ውሃው አስቀድሞ ተጨምቆ ሲወጣ፣ ሙቀት ሲያገኝና እርጥበቱን ይዞ የሚሄድ አየር ሲኖር። ከሦስቱ የቱ እንደጎደለ ማወቅ ነው ሥራው።

መካነ ሰላምን እንውሰድ። የደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ከተማ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመወረዱ በፊት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ትገኛለች። በበጋ ጠዋት የተሰጣ ነጠላ ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ያው ነጠላ ሁለት ቀን ይፈጃል። ምክንያቱ ዝናቡ ብቻ አይደለም። አየር ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት ልክ አለው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ቢይዝ ነው። የክረምት ሌሊት አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ጉም ከወረደበት ደግሞ የሚችለውን ያህል ጠጥቶ ጠግቧል። እንዲህ ባለው አየር ውስጥ ልብስ ሲሰቀል ቢያድር ጠብታው ይቆማል እንጂ አይደርቅም። ስለዚህ በክረምት ማታ አጥቦ ማሳደር ትርፍ የለውም። ውሃው ተቀድቶ፣ ልብሱ ተዘፍዝፎ ይደርና ጎሕ ሲቀድ ታጥቦ ዝናቡ እስኪመጣ ያለውን የረፋድ ፀሐይ ቢያገኝ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደሚጠቁር የደጋ ሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጭመቃው ነው። በእጅ ተጠምዝዞ የተሰጣ የጥጥ ልብስ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይዞ ሊቀር ይችላል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው፤ ለአንድ ሰው ጉልበት አይበገርም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ወደየተቃራኒው ይጠምዝዘው፤ ከዚያ በደረቅ አንሶላ ወይም ፎጣ ጠቅልሎ ይርገጠው። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። የተረገጠ ጋቢ ካልተረገጠው ቀድሞ እንደሚደርቅ አንድ ጊዜ የሞከረ አይጠራጠርም። ባናና ሌላ የበግ ጠጉር ልብስ ግን አይጠምዘዝ፤ ቅርጹ ይበላሻል፤ ተጠቅልሎ ይረገጥ እንጂ።

አሰጣጡም ሙያ ነው። ጋቢን በአንድ ገመድ ላይ ሁለት አጥፎ መስቀል አራቱን ድርብ ስምንት ማድረግ ነው። በእጅ አንድ ክንድ የሚራራቁ ሁለት ገመዶች ዘርግታችሁ እንደ ድንኳን ጣሉት፤ ነፋስ በመካከሉ ይለፍ። ሸሚዝ በማንጠልጠያ ይሰቀል፤ ሱሪ ኪሱ ወደ ውጭ ተገልብጦ በወገቡ ይያዝ። ዝናብ ለሚያስቸግረው ቤት ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በኩል የተወጠረ ገመድ ከግቢው መካከል ይበልጣል። ቁጥቋጦና ድንጋይ ላይ ማስጣት በበጋ መልካም ነው፤ በክረምት ግን ከሥሩ ያለው መሬት ራሱ እርጥብ ስለሆነ ልብሱን መልሶ ያረጥበዋል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላምም ግቢ ስላለው ከቆላ የመጡ ተማሪዎች የደጋውን ክረምት እዚያው ነው የሚማሩት። መስኮት ዘግቶ አልጋ ብረት ላይ የተሰጣ ልብስ አይደርቅም፤ ክፍሉን ያረጥበዋል፣ ግድግዳውን ያሻግታል። መስኮቱ ይከፈት፤ ብርዱ ለአንድ ሰዓት ይታገሡታል።

አሁን ስለ ከሰል ጠንከር ብዬ ልናገር። የቅዳሜ ማታ ነገር ይታወቃል፤ የመዘምራን ልብስ ለእሑድ፣ ዩኒፎርም ለሰኞ፣ የሕፃን የሽንት ጨርቅ ለዚያው ሌሊት ይፈለጋል። እናት ከሰል ታቀጣጥልና በርና መስኮት ዘግታ ልብሱን በዙሪያው ትሰቅላለች። በመጀመሪያ ነገሩ ራሱ አይሠራም፤ ከልብሱ የወጣው እንፋሎት መውጫ ስለሌለው እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ግን ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ጭሱ ያለቀለት ፍሕምም ቢሆን ያወጣዋል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳይሰማ በእንቅልፉ ይሞታል። በአገራችን በየክረምቱ በዚህ ምክንያት ቤተሰብ በአንድ ሌሊት አለቀ ሲባል መስማት አዲስ አይደለም። ከሰል ያለበት ቤት በር ይከፈት፤ ከመተኛት በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በቃ። የታፈነ ሰው ሲገኝ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ወተት አያድነውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ማጠጣትማ ሊያንቀው ይችላል።

ለአስቸኳዩ ልብስ ካውያ አለ። በደንብ ተጨምቆ በፎጣ የተረገጠ ዩኒፎርም ካውያ ሲያልፍበት ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ነፋስ ባለበት ለጥቂት ጊዜ ሲሰቀል ይለበሳል። ስፌት ስፌቱን አጥብቆ መተኮስ ሌላም ጥቅም አለው። የሰውነት ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። በክረምት ልብስ አይደርቅም ተብሎ አንዱ ልብስ ለሳምንታት ከሰውነት ሳይወርድ ሲቀር በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት መንገድ ያገኛሉ፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚያገረሽ ትኩሳት በዝናብ ወራት የሚበረታው ለዚህ ነው። ቅማሉንም እንቁላሉንም ከ54 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይገድላቸዋል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። በመካነ ሰላም በአብዛኛው ቤት ማድረቂያው ገመድና አጥር ነው። ነገር ግን በደሴ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢያን አላችሁ፤ ከውጭ ዘመድ የላከላችሁም ትኖራላችሁ። ማሽኑ ሲዘገይ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት በመካከል አስቁሙትና ልብሱን በእጃችሁ ዳስሱ።

ልብሱ ትኩስ ሆኖ እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ አለ፤ የታፈነው አየሩ ነው። ከልብስ የሚወጣውን የጥጥ ብናኝ የሚይዘው ማጣሪያ በየእጥበቱ መጽዳት አለበት። ከማሽኑ ጀርባ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ካለ ግድግዳው ጨፍልቆት ወይም ብናኝ ሞልቶት እንደሆነ እዩ፤ ከውጭ በኩል እጃችሁን ስታደርጉ ጠንካራ ሙቅ ነፋስ ካልመጣ ነገሩ ተገኘ። ቱቦ የሌለውና ውሃውን በዕቃ የሚያጠራቅመው ዓይነት ከሆነ ዕቃው ሞልቶ ይሆናል። በደጋ ይህ ይበልጥ ይታያል። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው የሚገፋው ይቀንሳል፤ ትንሽ መታፈን ሲጨመርበት ማሽኑ ይዳከማል። ብናኙ የእሳትም ነገር ነው። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በየዓመቱ 2,900 ያህል የማድረቂያ ቃጠሎዎች በመኖሪያ ቤቶች ደርሰዋል፤ ዋናው ምክንያት አለማጽዳት ነበር።

ልብሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የማሞቂያው ነው። ሽቦው ተበጥሶ ወይም ከልክ በላይ ሲግል የሚቆርጠው ፊውዝ ሄዶ ይሆናል። ፊውዙን በሽቦ አያይዞ «ሠራሁት» የሚል ባለሙያ ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት፤ ፊውዙ የተቃጠለው አየሩ ስለታፈነ ነውና።

ለብ ያለ ብቻ ከሆነስ? እንጀራ የምትጋግር ሴት መልሱን ታውቃለች። መብራቱ ሲደክም ምጣዱ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ማድረቂያም እንዲሁ ነው። በ220 ቮልት 2,500 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ ኃይሉ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 1,670 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ የአንድ ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ምጣድና ማድረቂያ በአንድ ጊዜ አይሠሩ፤ ማድረቂያውም ከቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካ። ሶኬቱን ስትዳስሱት የሚያቃጥል ከሆነ ማሽኑን አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ከአሜሪካ የተላከውን ሳትሰኩ አስመርምሩት፤ የዚያ አገር ማሽን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አይለውጠውም፤ ስለዚህ በብዙዎቹ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ከዘገየ ወደ ጭመቃው እንመለስ። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ወደ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይሄዳል። አራት ኪሎ ልብስ በእጅ ተጨምቆ አራት ኪሎ ውሃ ይዞ ከገባ 2,500 ዋቱ ማሽን ምንም ሳይባክንበት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በማጠቢያ ማሽን በደንብ ከተሽከረከረ ግን ግማሹን ያህል ውሃ ብቻ ይዞ ይገባል፤ ጊዜውም ቆጣሪውም በግማሽ ይቀንሳል። ማጠቢያ የሌለው ቤት ያው ፎጣና የልጆች እግር አለው።