መከራ ብቻውን አያስተምርም

«መከራ ያስተምራል» ሲባል በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሰምተን አድገናል። ደግመን ስናስበው ግን ነገሩ ግማሽ እውነት ሆኖ አገኘነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረትም ይህንኑ ያስረዳል። ሰውየው ከእባቡ ያተረፈው ድንጋጤን ነው እንጂ እባብን ከልጥ የመለየት ዕውቀትን አይደለም። መከራ ለሁሉም ይደርሳል፤ ትምህርቱ ግን የሚገኘው ቁጭ ብሎ «ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ከእንግዲህስ ምን ይደረግ?» ብሎ ለመረመረ ብቻ ነው እንላለን።

ለዚህ አባባላችን የአገራችን ታሪክ ምስክር ይሁነን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው «ክፉ ቀን» በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጀው። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረኃብ ገባ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ ይባላል። ይህን ሁሉ ያየች አገር ግን በ1958 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ወሬውን በየጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አሳደረችው። ሳይመረመር የታለፈው መከራም በ1965 ዓ.ም. ብሶ ተመለሰ። ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ሥዕሉም በግቢው ውስጥ ታየ። ትምህርቱ የጀመረው እንግዲህ የተሸሸገው በገሃድ ሲወጣ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀው ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ቀርቶ አልነበረም። ኮሚሽኑ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ጦርነቱና የሚሰማ ጆሮ መጥፋቱ ግን ድርቁን እልቂት አደረጉት። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ቢያስፈልገውም የ1977ቱ እልቂት አልተደገመም። ዝናቡ በሁለቱም ጊዜ ቀርቷል፤ የተለየው የሰው ዝግጅት ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ምናችን ነው? የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ካስቀመጣቸው ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ጥቂቶቹ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ «ሪሜዲያል» በምንለው በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ተቀመጡ። ከብስራተ ገብርኤልና ከአካባቢው የምንመላለስ ተማሪዎች እነዚህን ልጆች እናውቃቸዋለን። አንዳንዱ የሠፈሩን ሰው ጥያቄ ሽሽት በመሸ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ሪሜዲያል የገባውም ቢሆን በግቢ ውስጥ ስሙ እንደ ስድብ ይጠራበታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይህ አይደለምን?

አንዳንድ ሰዎች «ይጠንክር እንጂ፤ መከራ ሰው ያደርገዋል» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ልጅ «ከመከራህ ምን ተማርህ?» ብሎ መጠየቅ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው ምክር አንድ ነው። የወደቀ ሰው ወረቀቱን ለሁለት ይክፈል። በአንዱ በኩል ከራሱ የመጣውን ይጻፍ፤ ሳይገባው በቃሉ የሸመደደውን፣ ለመጠየቅ አፍሮ የተወውን፣ በከንቱ ያለፈበትን ጊዜ። በሌላው በኩል ከውጭ የደረሰበትን ይጻፍ፤ መምህር ያጣበትን ዓመት፣ መጽሐፍ ያልደረሰበትን ክፍል። የመጀመሪያው የሥራ ዝርዝር ይሆነዋል፤ ሁለተኛው የመብት ጥያቄው ነው። ሁሉን በራሱ ላይ የጫነ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁሉን በሌላው ላይ የጫነም ካለበት አይነሣም። ሁለቱን የለየ ግን ከወደቀበት ጠንክሮ ይነሣል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የታረመ የፈተና ወረቀት ለተማሪው ይመለስለት። ውጤቱን ብቻ በሰሌዳ ላይ የሚያይ ተማሪ መውደቁን ያውቃል እንጂ የወደቀበትን ቦታ አያውቅም። ቦታውን ያላወቀ ደግሞ በዚያው ይሰናከላል። የክፍሉ ብዛት እርማቱን አድካሚ እንደሚያደርገው አይጠፋንም፤ ቢሆንም በጣም የተሳሳቱት ጥያቄዎች ተመርጠው ለአንድ ሰዓት በክፍል ውስጥ ቢብራሩ ብዙ ይጠቅማል።

ለኅብረታችንም የምናቀርበው ሐሳብ አለን። የየሠፈሩ ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ፈተናው ላልቀናቸው ታናናሾቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠና። የብስራተ ገብርኤል ልጆች ለመጀመር ተስማምተናል፤ ሌሎችም ሠፈሮች ይከተሉን። በሽሙጥ የተቀበልነው ልጅ ተሸማቅቆ ይቀራል፤ ደብተር ይዘን የተቀበልነው ግን ነገ ከጎናችን ይቀመጣል።