ዝም ያሉት ሌቦችና የለፈለፈው ወዳጅ

ኧረ ጎበዝ፣ ፊልም ማየትም ቀረ እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1955 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራውን «ሪፊፊ»ን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር አይተን ስንጨርስ ለሦስት ተከፈልን። አንዱ «ሌብነት ያስተምራል!» አለ። ሌላው «ግማሽ ሰዓት ሙሉ ንግግርም ሙዚቃም የለው፤ እንቅልፍ ነው» ብሎ አዛጋ።

እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ! ጌጣጌጥ ቤቱ ሲዘረፍ ዝም የሚባለው እኮ ደወሉ እንዳይጮህ ነው። ልብ የሚያንጠለጥለውም ዝምታው ነው። ሌብነት ያስተምራል ላልከው ደግሞ፣ እስቲ ከዘራፊዎቹ ማን ተረፈ? አራቱም አለቁ!

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን የሙያ ባልደረቦቹ «ኮሚኒስት ነው» ብለው ጠቁመውበት፣ ሆሊዉድ በሩን የዘጋበት አሜሪካዊ ነው። በፊልሙ ውስጥ ፈርቶ ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጠውን፣ በዚሁም የሚገደለውን ሴዛርን የተጫወተው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ዳሲን! ጠቋሚ እንጀራውን የነጠቀው ሰው የጠቋሚን ቆዳ ለብሶ ሲሞት ማየት እንቅልፍ ነው? በዚያው ዓመት ካን ላይ በዳይሬክተርነቱ የተሸለመው በከንቱ አይደለም።

አዛጊው ወዳጄ፣ ተኛ! ግን አታንኮራፋ፤ ደወሉ ይጮሃል።