ያየ ሁሉ የታየ ይመስለዋል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል እየሄድን ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ብሏል። የመንዝንና የግሼን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል... እዚያ ቀስ ብሎ አይመሽም፤ ድርግም ነው የሚለው። በዚያ ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። እኔ ጋቢና ነኝ። ሾፌራችን ጨዋታ የሚያውቅ፣ መንገዱንም የሚያውቅ ልጅ ነው። የመኪናው የግራ መብራት ግን አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። ለምን እንደማያሠራው ስንጠይቀው ሳቀ።

ድንገት ፍሬን ያዘ። ግንባሬ መስተዋቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀና ስል ከኮፈኑ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ የፈረስ ታፋ ይታየኛል። ከታፋው በላይ ጥቁር በርኖስ። ከበርኖሱ በላይ ዘወር ያለ የሽማግሌ ፊት። ፈረሱ ደንብሮ በኋላ እግሩ ቆመ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ኮርቻ ላይ የጨረሱ ናቸውና ልጓሙን ሰብሰብ አድርገው ከመንገዱ አወጡት እንጂ፣ ያን ማታ ራቤል የምንገባው ሬሳ ይዘን ነበር።

ሾፌራችን ወርዶ ጮኸ። «አባት! ምነው በዚህ ጨለማ? አልታዩኝም እኮ!»

ሽማግሌው ከድንጋጤያቸው ይልቅ ቁጣቸው በርትቷል። «አልታዩኝም ትላለህ? እኔ መብራትህን ከማዶው ኩርባ ጀምሬ አይቼዋለሁ! ያን የሚያህል ፋኖስ አንጠልጥለህ መጥተህ ፈረስ የሚያህል ነገር አላየሁም ትላለህ? ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለህ፣ ልጄ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው አይተውታል፤ ልጁ አላያቸውም። እኔም ከዚያ ማታ ጀምሮ ይህችን ነገር ሳስባት ከረምኩ። በጨለማ መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው ባለማየቱ ብቻ አይደለም፤ ስላየ የታየ እየመሰለው ነው። መብራቱ ፊትህ ላይ ሲበራ፣ «ይኼን ያህል ካበራብኝ እንዴት አያየኝም?» ትላለህ። እሱ ግን ከብርሃኑ ኋላ ተቀምጦ የሚያየው ጉም፣ ጭቃና አንድ ጥቁር ነገር ነው። ጥቁሩ ነገር ቁጥቋጦ ይሁን ፈረሰኛ የሚለየው ሲደርስበት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ መኪናው እስኪቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት እንኳ ከ30 ሜትር በላይ ያልፋል። በጭቃና በጠጠር ላይ ደግሞ ፍሬኑም እንደ ልቡ አይታዘዝለትም። በአጭር መብራት ጥቁር የለበሰን ሰው ከ30 ሜትር ላይ ማየት በራሱ ዕድል ነው። እንግዲህ ደምሩት። ባየበት ቅጽበት ጊዜው አልቋል ማለት ነው። ብርሃንን ወደ መጣበት የሚመልሰው አንጸባራቂ ጥብጣብ ግን ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት እዚህች ጋ ነው፤ ጣት በምታህል ጥብጣብ።

እኛ ደግሞ የምንለብሰውን ታውቁታላችሁ። ብርዱ ነው መቼስ! ባናው ከራሳችን በግ ጠጉር የተሠራ ነው፤ በጋችን ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ ባናውም እንደ በጉ ነው። በርኖሱ ጥቁር ነው። ፈረሱ ዳማ ነው ወይም ጉራቻ። ዝናብ ሲያርፍበት ሁሉም የበለጠ ይጠቁራል። «ነጭ ጋቢ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ግን ነጭ ጋቢ በነጭ ጉም ውስጥ ምን ይሆናል? ይጠፋል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ቀለም ብቻ አይደለም። ያ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ቀን ላይ፣ በጉምና በምሽት አፋፍ ከሩቅ ይጮኻል፤ ጨርቁ ዓይን የማያየውን ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጠው ነው። ጨርሶ ሲጨልም ግን ደማቁ ቀለም ብቻውን ዋጋ የለውም። ያኔ ሥራውን የሚሠራው ብርማው ጥብጣብ ነው። ሁለቱም አንድ ሰደርያ ላይ ሲኖሩ ነው ነገሩ የሚሞላው።

ይህን ሁሉ ይዤ ራቤል ገባሁና ለአጎቴ አስረዳሁ። ከአዲስ አበባ የገዛሁትን ሰደርያም አውጥቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼን ለብሼ ገበያ ስወጣ ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? ‹መንገድ ሥራ ተቀጠሩ እንዴ?› ሊለኝ ነው? በስተርጅና መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

ይቺ ናት እንግዲህ የመጀመሪያዋ ጠላታችን። ክብር!

ለመሆኑ ክብር ማለት አለመታየት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አባቶቻችን ፈረስ ላይ ሲወጡ እንዳይታዩ ነበር እንዴ የሚወጡት? ግላሱ፣ የተለበጠው ልጓም፣ ቀዩ ዘርፍ፣ የሚንሿሿው ቃጭል ለምን ነበር? ከማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው «ማነው የሚመጣው?» ብሎ መንገድ እንዲለቅ ነበር እኮ! ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ብለን የጠራን ሕዝብ ነን፤ ሰውየውን በፈረሱ ስም የምንጠራ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ዛሬም ድረስ አለ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን እንዴት አድርጎ እንደሚያስጌጥ ያየ ሰው ያውቃል፤ ያ ሁሉ ቀለም ለዓይን ነው። በእኛም አገር ለጥምቀትና ለሠርግ ፈረሱን እናስጌጠዋለን። እንግዲህ ሁሉም ሰው ለሚያየን ቀን አጊጠን፣ ማንም ለማያየን ማታ ጥቁር ለብሰን የምንወጣ ከሆነ ነገሩ ተገላብጦብናል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ከአይሱዙ ጋርማ ጨርሶ አይዋጋም!

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ አጎቴም አንስተውታል። «መንገዱ ከመኪናው በፊት የእኛ የፈረሰኞቹ ነበር። ኋላ የመጣው እሱ ነው። እሱ ቀስ ይበል እንጂ እኔ ምን በወጣኝ?» አሉኝ።

እውነት ብለዋል። እንዲያውም ሕጉ ከአጎቴ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ «አላጠፋሁም» ማለት ብቻውን አያድነውም። ግን ያው ሕግ ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ከሆነ ካሳው እንዲቀር ወይም እንዲቀነስ በር ይከፍታል። እኔም የምፈራው እዚህ ጋ ነው። ነገ «አንጸባራቂ ያልለበሰ ፈረሰኛ ይቀጣል» የሚል ደንብ ቢወጣ፣ አንድ ብልጥ ጠበቃ ተነሥቶ «ሟች ሰደርያ አልለበሱም ነበር» ይላል። አንድ ዓይና መኪና የሚነዳው ሰው ነፃ ወጥቶ በርኖስ የለበሱት ሽማግሌ በሞታቸው ጥፋተኛ ይሆናሉ። ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ ቁርጡን ልናገር፦ ሰደርያው ልማድ ይሁን እንጂ የባላገር መቅጫ አይሁን።

ይህንን ሌሎችም አስበውበታል። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ ፈረሰኛው ቀን ደማቅ ቀለም፣ ማታ አንጸባራቂ እንዲለብስ ይመክራል፤ የፈረሱ እግር ላይም አንጸባራቂ እንዲታሰር ይላል። ምክር ነው፤ ቅጣት የለውም። ለሾፌሩ ደግሞ በጥር 2014 ዓ.ም አሻሽለው፣ ፈረስ ሲያልፍ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ራቅ እንዲል ጻፉለት። በፊንላንድ እግረኛው በጨለማ አንጸባራቂ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል፤ ባያደርግ ግን አይቀጣም። እንዲያውም ያቺ በየፊንላንዳዊው ኮት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ አንጸባራቂ እንዴት እንደተፈጠረች ታውቃላችሁ? አርቪ ሌህቲ የሚባል የፔርቴሊ ሰው ነው የሠራት፤ በመጀመሪያ ያሰባትም ለእግረኛ ሳይሆን ለፈረስ ጋሪው ነው። መኪና እንዳይገጨው! ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። የፈጠረው የእኛው ዓይነት ችግር ነው።

ለሾፌሩም ቢሆን ዝም አልልም። ወንድሜ፣ ሰውየው ሰደርያ ለበሰ ማለት አንተ መብራትህን አታሠራም ማለት አይደለም። የፈረስ ኋላ ላይ ደርሰህ ክላክስ መንፋትም ጀግንነት አይደለም። ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ልክ ከኋላው ያለውን ግን አያይም። ከማያይበት ጮኸህ ስታስደነግጠው የሚዘለው ወደ ገደል ይሁን ወደ ኮፈንህ እሱም አያውቀው። ቀስ በል፤ ራቅ ብለህ እለፍ።

ግን አጎቴ... ሾፌሩ ሁሉ ጨዋ እስኪሆን እንጠብቅ? መብራቱ ሁሉ እስኪሠራ? እውነትን ይዞ መሞትም እኮ መሞት ነው። «መንገዱ የኔ ነበር» ብለን መቃብር ላይ ብንጽፍለት ሟቹን ምን ይጠቅመዋል?

ሦስተኛው ነገር የሚመለከተው ባለሥልጣኖቻችንን ነው። ይህን ሰደርያ በቴሌቪዥን ስንቴ አይታችሁታል? መንገድ ሲጎበኝና ሲመረቅ እንግዳው ሁሉ ለብሶት ይቆማል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና በማይንቀሳቀስበት፣ ዙሪያውን አጃቢ ቆሞ! ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ሲሄዱ ሰደርያውም አብሮ ይሄዳል። በዚያው መንገድ ማታ የሚሄደው ከገበያ የሚመለሰው፣ ለቅሶ ደርሶ የሚመጣው፣ በሽተኛ ጭኖ ጤና ጣቢያ የሚገሰግሰው ፈረሰኛ ነው። ለእሱ ማን አሰበ? በ2011 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ብለን መኪና አቁመን አስፋልቱ ላይ ስፖርት ሠራን። ጥሩ ነው። የግሼው ባለ ፈረስስ ሰው አይደለም እንዴ? 2 ሚሊዮን ያህል ፈረስ ባለበት አገር መንገድ ሲሠራ ፈረሰኛ እንደሚሄድበት የሚያስብ አንድ ሰው ይጥፋ?

«ገንዘቡስ?» ካላችሁ፣ ሰደርያው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይበልጥም። እሱም ካልተቻለ ጥብጣቡ ብቻ ይበቃል። አንድ ዕድር ጥቅሉን ገዝቶ ለአባላቱ ቢቆራርጠው ስንት ኮርቻ ይዳረሳል! ኮርቻ የሚሰፋው ባለሙያ ከኋላ፣ በጭራው ሥር በሚያልፈው ወዴላ ላይ ሁለት ጣት ይስፋበት። የፈረሱ አራት እግር ላይም ይታሰር፤ እግር ስለሚንቀሳቀስ ሾፌሩ ገና ከሩቅ «ይኼ ድንጋይ አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነው» ይላል። ወረዳው ደግሞ ለስብሰባ ባነር ከሚያሳትምበት ቀንሶ በገበያ ቀን ይህን ያድል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ አይደል?

አጎቴን በመጨረሻ አሳመንኳቸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላሳመንኳቸውም። ሰደርያውን እረኛው ልጅ ወስዶ እየለበሰ ነው። ልመለስ ስል ግን ጠሩኝና፣ «ያ የሚያብለጨልጨው ክር ብቻውን አይገኝም?» አሉኝ።

«ይገኛል፤ ምን ሊያደርጉት?»

«ለፈረሱ ነዋ! ለእኔ አልኩህ? ግላሱ ላይ ባሰፋው አያምር ይሆን ብዬ ነው።»

ያምራል አልኳቸው። በሚቀጥለው ጉዞዬ ሁለት ጥቅል ይዤ እወጣለሁ። እናንተም በዚያ ደጋ ዘመድ ያላችሁ፣ ለበዓል ስትወጡ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ጥቅል ጣል አድርጉ። ለሰውየው አልለብስም ካለ፣ ለፈረሱ ነው በሉት።