አንድ ሐኪም፣ ሁለት ሥራ

የሕፃን ልጅ የአየር ቧንቧ በካሜራ ሲመረመር መሣሪያውን የሚያስገባው ሐኪም ራሱ የማስተኛ መድኃኒቱን አዝዞ ራሱ ትንፋሹን የሚከታተልበት ልማድ መቅረት አለበት። «ቀላል ማስተኛ ነው፣ ሙሉ ሰመመን አይደለም» የሚለው ማረጋገጫም አብሮት ይቅር። ሚዳዞላም በተባለው የማስተኛ መድኃኒት ላይ ሌላ መድኃኒት ሲደረብ ልጁ ከድንዛዜ ወደ ጥልቅ ሰመመን ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሌላ ምርመራ ቢሆን ስህተቱን ለማረም ጊዜ ይገኝ ነበር። እዚህ ግን ሥራው ያለው በራሱ በመተንፈሻው ውስጥ ነው። የጨቅላ ቧንቧ ስፋት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ መሣሪያው ሲገባ ከዚያም ላይ ይወሰድበታል። ሕፃን በክብደቱ ልክ ሲሰላ የሚፈጀው ኦክስጅን የአዋቂ እጥፍ ገደማ ነው፤ በሳንባው የሚተርፈው አየር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንፋሹ ሲቆም ከአዋቂ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይጠቁራል። በዚያች ቅጽበት የሐኪሙ ዓይን ስክሪኑ ላይ፣ እጁም መሣሪያው ላይ ነው።

ቻርልስ ኮቴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በማስተኛ መድኃኒት ሳቢያ አደጋ የገጠማቸውን 95 ሕፃናት ታሪክ መረመሩ። 51ዱ ሞተዋል፤ 9ኙ ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የአብዛኞቹ መከራ የጀመረው ከትንፋሽ ነው። አጥኚዎቹ ጥፋቱን በአንድ መድኃኒት ላይ አልጣሉም፤ የክትትልና የነፍስ አድን ሥራ ጉድለትን ጭምር አገኙ እንጂ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለጥልቅ ማስተኛ ልጁን ከመከታተል በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው እንዲኖር ያዝዛል።

«ጣቱ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) አለ» ይባላል። ኦክስጅን እየተሰጠው ላለ ልጅ ግን የመለኪያው ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚወርደው፤ ትንፋሹ ቆሞም ለጊዜው ደህና ሊያሳይ ይችላል። የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ደረቱን ብቻ የሚያይ ሰውም እንዲሁ።

የሰመመን ባለሙያ እጥረት በአገራችን እውነት ነው። ሽምብራ አንቆት የሚያጣጥር ልጅ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ያለው ሰው ባለው ነገር ይረባረባል። ለወራት ሲያፏጭ የቆየን ትንፋሽ ምክንያት ለማየት ግን የሚያጣድፍ ነገር የለም፤ ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ ወይም ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ይቻላል። ወላጅም ከመፈረሙ በፊት «የልጄን ትንፋሽ ብቻ የሚጠብቀው ማን ነው?» ይበል። መልሱ «እኔው ነኝ» ከሆነ ፊርማው ይቆይ።