ወላጅ የሌለው ሕፃን በዳኛ ፊት የተናገረው ቃል ይጻፍለት



የምጽፈው ስለ መዝገብ አያያዝ ስለ ሆነ ነገሩ ለብዙ ሰው ደረቅና ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን አባትና እናት ለሌለው ልጅ መዝገቡ እንደ ወላጅ ነው። እርሱ በማይገኝበት ጊዜና ቦታ ስለ እርሱ የሚናገርለት መዝገቡ ብቻ ነውና።

እኔ በጉራጌ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ በወልቂጤም በቡታጅራም አስተምሬአለሁ። በእነዚህ ከተሞች ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው ለሳምንት የሚሆናቸውን ቆጮ ይዘው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ከእነርሱ የአንዱ አባት ወይም እናት ሲሞት መርዶውን ቀድሞ የሚሰማው መምህሩ ነው። ሞግዚት ለማሾም ወይም ቀለብ ለመጠየቅ ሲኬድም ልጁ 'አብረውኝ ይሂዱ' ብሎ የሚለምነው መምህሩን ነው። ስለዚህ የእኛ አገር መምህር ሳይፈልግ የፍርድ ቤትን ደጅ ይለምዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ፣ እናቱ ቀደም ብላ ሞታበት ሳለ፣ አባቱም ሞተበት። ለልጁ ክብር ስል ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም። ከአባቱ የቀረለት የእንሰት ቦታና በከተማው ውስጥ የሚከራይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አጎቱ 'ሞግዚትና አሳዳሪ ልሁነው' ብለው ለፍርድ ቤት አመለከቱ። ልጁ ግን የሚኖረው ከእናቱ እናት ጋራ ነበር። ዳኛው ቅን ሰው ነበሩና ልጁን ወደ ቢሮአቸው አስገብተው ከማን ጋራ መኖር እንደሚፈልግ ጠየቁት። እኔም ይዤው ስለ ሄድሁ በር አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር።

ልጁ አማርኛ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን አማርኛው ከአፉ ጠፋበትና በቤቱ ቋንቋ ተናገረ። የቃሉ ፍሬ ይህ ነበር፤ አጎቱ ቢያሳድጉት አይጠላም፤ ነገር ግን አያቱ ውሃ የሚቀዳላቸው ሌላ ሰው ስለሌለ ትቷቸው አይሄድም፤ የቤቱም ኪራይ ለትምህርቱ እንዲሆን አባቱ ሳይሞት ተናግሯል። ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ይህን ሁሉ አሳጥሮ በአማርኛ ለዳኛው ነገራቸው። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን 'ሕፃኑ ቀርቦ ተጠይቆ በአመልካቹ ሞግዚትነት ተስማምቷል' የሚል አንድ መስመር ብቻ ሆነ።

ሐሰት ተጻፈ አልልም። ልጁ 'አልጠላም' ብሏል። ነገር ግን 'ነገር ግን' ያለውና ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሁሉ ከመዝገብ ውጭ ቀረ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጁ ወደ አጎቱ ቤት ተወሰደ፤ የቤቱም ኪራይ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። አያቲቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደዚያው ፍርድ ቤት ሄደው አቤት አሉ። የቀድሞው ዳኛ ተዛውረው ነበር፤ ያስተረጎመውም ሠራተኛ ሥራ ለቋል። አዲሱ ዳኛ መዝገቡን ገልጠው ያችኑ መስመር አነበቡ። አያቲቱ 'ልጁ እኮ ያን ጊዜ ተናግሯል' ቢሏቸው፣ 'እማማ፣ እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው' ሲሉ መለሱላቸው። እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብሁ። የአጎትየው ጠበቃ 'መምህር፣ ልጁ የተናገረውን ቃል በቃል ያስታውሳሉን?' ብሎ ጠየቀኝ። ምዬ ነበርና 'አሳቡን እንጂ ቃል በቃል አላስታውስም' አልሁ። አቤቱታውም ማስረጃ የለውም ተብሎ ተዘጋ። ልጁ አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ አዲስ አበባ ሄዶ በመርካቶ በሰው ሱቅ ተቀጠረ። ለመስቀል አገሩ ሲገባ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ ስለዚያ ነገር ግን አንስቶብኝ አያውቅም።

ዳኛውን አልወቅሳቸውም። ዳኛ የሚፈርደው በፊቱ ባለው መዝገብ ነው፤ በወሬ ቢፈርድማ ሌላ ግፍ ይሆን ነበር። ጥፋቱ ከአያያዛችን ነው።

'አባቶቻችን ያለ መዝገብ ይፈርዱ አልነበረምን?' የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ፣ የክስታኔም ጎርደና፣ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም ብዙ ዘመን ፈርደዋል። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የልጁን አባት፣ አያቱንም፣ የእንሰቱን ወሰንም ያውቃሉ፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ናቸው። አጎት ቃሉን ቢያፈርስ የሰማው ሰፈር ሁሉ ይጠይቀዋል። መዝገቡ አገሩ ነበር ማለት ነው። የከተማ ፍርድ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ዳኛ ይዛወራል፣ ጸሐፊ ይለወጣል፣ መሥሪያ ቤት ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. የእኛ አካባቢ ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥቶ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ሆኗል። አስተዳደር ሲለወጥ ሰው የነገሩትን ይዞ አይቆይም። 'በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል' የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕግ አዋቂ ነኝ ባልልም፣ ማንም ዜጋ ሊያነብበው የሚችለውን አንብቤአለሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶችም ሌሎች ባለ ሥልጣኖችም ሕፃናትን የሚመለከት ጉዳይ ሲይዙ የሕፃኑን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዝዛል። አገራችን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 10 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሕፃኑ እርሱን በሚመለከት የፍርድ ጉዳይ እንዲሰማ መብት ሰጥቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ፍርድ ቤት ጉዲፈቻን ከማጽደቁ በፊት የሕፃኑን አስተያየት እንዲመለከት ይላል። እንግዲህ ሕፃኑ ይሰማ መባሉ የታወቀ ነው። እኔ የምጠይቀው የተሰማው ቃል የት እንደሚቀመጥ ነው። በጆሮ ገብቶ በብዕር ካልወጣ፣ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ልጁን አልሰማውም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የምስክር ቃል እንደ ታሪክ አተራረክ ተያይዞ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ለነጋዴዎች ክርክር ይህ ይበቃ ይሆናል። ሕፃን ግን አሳቡን የሚገልጸው በተዘዋዋሪ ነው። 'ውሃ የሚቀዳላት የለም' ሲል ስለ ውሃ መናገሩ አይደለም። ጸሐፊው ቃሉን አሳጥሮ በራሱ ቋንቋ ሲያስተካክለው የልጁ አሳብ ይወጣና የጸሐፊው አሳብ ይገባል። ልጁ በቸሃ ወይም በእዣ ወይም በመስቃን ተናግሮ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ መጥፋቱ እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ስለ መዝገቦቹ አመዳደብ ነው። ሞግዚት ለመሾም የሚከፈተው መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በአመልካቹ ስም ነው። ከላይ 'አመልካች' ተብሎ የአጎት ወይም የአክስት ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ 'ተጠሪ፦ የለም' ይባላል። የነገሩ ባለቤት የሆነው ሕፃን በአርእስቱ ላይ የለም። ይህም መዝገብ ከወራሽነት ማረጋገጫና ከሌላው ልዩ ልዩ ማመልከቻ ጋራ ተደባልቆ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የሞግዚቱን ሒሳብ ልጠይቅ ቢል፣ አመልካቹ ማን እንደ ነበረና በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ካላወቀ መዝገቡን የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ዳኛውም በዚህ ዓመት በከተማው ስንት ሕፃናት ሞግዚት ተሾመላቸው፣ ከስንቱስ ሒሳብ ተጠየቀ ቢል፣ መልሱን ለማግኘት መደርደሪያውን ሁሉ ማራገፍ ይኖርበታል።

የመዝገብ ጕድለት እስከ ምን እንደሚያደርስ በጉዲፈቻ ነገር አይተነዋል። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው ጉዲፈቻ እስኪቀር ድረስ፣ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች በፍርድ ቤት ውሳኔ ባሕር ተሻግረዋል። ዛሬ ከእነዚህ ልጆች አድገው የተመለሱ አሉ። እናታቸው በዚያን ቀን በዳኛ ፊት ምን እንዳለች፣ ወዳ ነው ወይስ ሳይገባት እንደ ፈረመች ለማወቅ ይፈልጋሉ። ውሳኔው በእጃቸው አለ፤ የእናትየው ቃል ግን ካልተጻፈ ከየት ይመጣል?

በአንጻሩ መዝገብ በሚገባ ሲያዝ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ፍርድ ነበር። ነገሩ እናቱ ስለ ሞተችበት ሕፃን ነው፤ አባትና አክስት ተከራከሩበት። የበታች ፍርድ ቤቶች ለአባት ሲፈርዱ፣ ሰበር ችሎቱ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም በማለት ፍርዱን ሻረው። ይህ ፍርድ በቍጥር ተለይቶ፣ በመልክ በመልኩ ከተመደቡት ፍርዶች ጋራ ስለ ታተመ፣ የወልቂጤም የቡታጅራም ዳኛ አውጥቶ ሊጠቅሰው ይችላል። ታዲያ የላይኛው ፍርድ ቤት ቃል እንዲህ ሲከበር፣ ነገሩ ሁሉ የተመሠረተበት የታችኛው ችሎት ቃል ለምን ይናቃል? ሰበር የሚያየው የሕግ ስሕተትን ነው፤ የልጁን ፊት አይቶ ድምፁን የሚሰማው የወረዳው ዳኛ ነው።

'የሕፃን ገመና እንዲህ ተዘርዝሮ ቢጻፍ ነውር አይሆንምን?' የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን መጻፍና ማውራት አንድ አይደሉም። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ደናግሉ አንድ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። የመጣው ልጅ ሁሉ ስሙ፣ የወላጆቹ ስም፣ ያመጣው ሰውና የመጣበት ምክንያት ይጻፍበት ነበር። መዝገቡ ቍልፍ ካለው ቁም ሣጥን አይወጣም። አንድ ጊዜ ጠጕራቸው የሸበተ ሰው መጥተው የእናታቸውን ስም ጠየቁ። ገጹ ተገለጠላቸው፤ አንብበው አለቀሱ። ሌላ ሰው ግን ያን ገጽ አላየውም። ምሥጢር መጠበቅ ማለት ይህ ነው። በእንግሊዝ አገርም የሕፃን ጉዳይ ፍርድ ሲታተም ሕፃኑ በስሙ ፈንታ በአንድ ፊደል ይጠራል። እኛም በሚታተሙት ፍርዶች ይህን ብናደርግ ደግ ነው።

እንግዲህ ነቅፎ ብቻ መተው ስለማይገባ፣ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሕፃን ቃሉን ሲሰጥ ጥያቄውና መልሱ እንዳለ ይጻፍ። ልጁ በራሱ ቋንቋ ከተናገረ የአስተርጓሚው ስም ይመዝገብ፤ የተጻፈውም በቋንቋው ተመልሶ ይነበብለት። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ቃል በድምፅ መቅረጫ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ለወረዳ ፍርድ ቤትም ከሁሉ አስቀድሞ ለሕፃናት ጉዳይ ይሰጥ።

ሁለተኛ፤ የሕፃናት መዝገብ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚጠራውም በሕፃኑ ስም ይሁን። ወላጅ የሞተበት፣ ወላጅ እያለው የተተወ፣ ወላጆቹ የተፋቱበት፣ ጉዲፈቻ፣ የሞግዚት ሒሳብ እየተባለ በየክፍሉ ይመደብ።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ መዝገብ ሽፋን ላይ የሕፃኑ የልደት ዘመን፣ የሞግዚቱ ስምና ሒሳብ የሚቀርብበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ አያት በምርኩዝ እስኪመጡ ሳይጠበቅ፣ መዝገብ ቤቱ ራሱ ሞግዚቱን ይጥራ።

አራተኛ፤ መዝገቡ በቍልፍ ይያዝ። ልጁ አካለ መጠን ባደረሰ ጊዜ ግን የተናገረውን ቃል ግልባጭ እንዲወስድ ይፈቀድለት።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕግም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ባለ መስመር ደብተር፣ አንድ ቍልፍና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። እኛ መምህራን ተማሪው ትምህርት ቤት ስንት ቀን እንደ ቀረ በየዕለቱ እንመዘግባለን። ለአንድ ቀን መቅረት ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ልጁ በዕድሜው አንድ ጊዜ በዳኛ ፊት ቆሞ የተናገረውን ቃል መጻፍ እንዴት ይከብደናል?

በመጪው መስቀል ያ ልጅ ሲመጣ፣ 'መምህር፣ ያን ጊዜ ምን ብዬ ነበር?' ብሎ ቢጠይቀኝ አሁንም የምሰጠው አሳቡን እንጂ ቃሉን አይደለም። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ልጆች እንኳ ቃላቸውን ከመዝገብ እንዲያገኙ የሚመለከታቸው ሁሉ ያስቡበት ዘንድ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከወልቂጤ