እንግዳ ሆኖ ለእንስሳ መድከም ከንቱ ነውን?

ከመካከላችን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቍጥር ጥቂት አይደለም። እዚያም ደርሶ የዕረፍት ቀኑን በእንስሳት መጠለያ የሚያሳልፍ፣ የተጣሉ ውሾችን የሚያጥብ፣ የድመቶችን ማደሪያ የሚጠርግ አለ። ይህ ወሬ ወደ ግቢያችን ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሳቅ ነው። «ሰው እየተራበ ለውሻ ማዘን ምን የሚሉት ሥልጣኔ ነው?» ይባላል። ጥያቄው በሳቅ ብቻ የሚታለፍ ባለመሆኑ፣ እኛም በበኩላችን የሚመስለንን ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደናል።

በመጀመሪያ ነገር ርኅራኄ እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ የሚያልቅ አይደለም። ለእንስሳ ያዘነ ሰው ለሰው የሚያዝንበት አንጀት አይጐድልበትም። ከዚህም በላይ በዓለም ከሁሉ የበዙ አህዮች ያሉባት አገር የእኛይቱ ኢትዮጵያ ናት። ውሃውን ከምንጭ፣ እህሉን ወደ ወፍጮ፣ ማገዶውን ወደ ገበያ የምታደርሰው አህያ ናት። እርሷ ጀርባዋ ገጥቦ የተኛች ቀን የሚቋረጠው የባለቤቲቱ ገቢ ነው፤ እንስራው ወደ እናትና ወደ ልጃገረድ ጀርባ ይዛወራል። እንግዲህ «ለሰው ወይስ ለእንስሳ?» የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ የሐሰት ምርጫ ነው።

ይሁን እንጂ በጎ ሐሳብ ብቻውን ይበቃል አንልም። በሰው አገር ተቀምጦ እንስሳትን ማዳን እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1930 ወይዘሮ ዶረቲ ብሩክ የሚባሉ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ባለቤት ካይሮ ገቡ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር ያገለገሉ በሺህ የሚቈጠሩ ፈረሶች ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ግብጽ ተሸጠው ነበርና፣ አርጅተውና ከስተው ከባድ ሸክም ሲጐትቱ አገኟቸው። በ1931 ለንደን ይታተም ለነበረው ለሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። አንባብያን በላኩት ገንዘብም 5,000 ያህል ፈረሶች ተገዙ። ብዙዎቹ ከመዳን ያለፉ ስለ ነበሩ ያገኙት ዕረፍት ያለ ሥቃይ መሞት ብቻ ነበር።

ወይዘሮዋ በዚህ አቁመው ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ከመጨረሻው ፈረስ ጋር ባለቀ ነበር። ነገር ግን በ1934 የአሮጌ ጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታል የተባለውን አቋቋሙ፤ ይኸውም የካይሮ ደኻ ፈረሱንና አህያውን ያለ ክፍያ የሚያሳክምበት ነው። እርሳቸው በ1955 በካይሮ ሲያርፉ ሥራው አላረፈም። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ዛሬ አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሴትዮዋ የተነሡት የገዛ አገራቸው ጦር ጥሎት የሄደውን ዕዳ ለመክፈል እንጂ ባዕድን ለመውቀስ አልነበረም። ሁለተኛ፣ እንስሳውን ለማዳን በባለቤቱ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ባለጋሪውን በአደባባይ እየሰደቡ የድኽነቱን ምክንያት አለመንካት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ዓይነት ነው።

ሌላው ምሳሌ ግን መራራ ነው። በደቡብ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወጣቶች ገንዘብ እየከፈሉ፣ እናት የሌላቸው ናቸው የተባሉ የአንበሳ ደቦሎችን ጡጦ ያጠቡ ነበር። ከደቦሎቹ ብዙዎቹ ግን ሆን ተብሎ ከእናታቸው የተነጠቁ ነበሩ። ካደጉ በኋላም በአጥር ውስጥ ለሚያድን ባለገንዘብ ወይም ለአጥንት ንግድ ይቀርቡ ነበር። ይህን ጉድ በ2015 «ብለድ ላየንስ» የተባለው ፊልም ለዓለም አሳየ፤ በ2021ም የአገሩ መንግሥት አንበሳን በአጥር ውስጥ ማርባት እንዲቀር አሳቡን ገለጸ። እነዚያ ወጣቶች ክፉዎች ነበሩን? አልነበሩም። የጐደላቸው ጥያቄ ነው። ይህ እንስሳ ከወዴት መጣ? ሲያድግስ ወዴት ይሄዳል? የምከፍለው ገንዘብ የማንን ኪስ ይሞላል? ይህን ሳይጠይቅ የሚደክም ፈቃደኛ በገዛ ላቡ ግፍን ያደልባል።

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። በሰው አገር አዳኝ ነኝ ብሎ ምንጣፍ የሚጠብቅ እንግዳ ከዚህ ጅብ በምን ይለያል? በእኛ አስተያየት እውነተኛው ፈቃደኛ ቋንቋውን ለመማር የሚጥር፣ የአገሩን ሐኪም የሚያስቀድም፣ እርሱ ሲሄድ ሥራው የማይቆም ነው።

በውጭ ያሉት ጓደኞቻችንም ከመጠለያው ፎቶግራፍ ብቻ ይዘው አይመለሱ። የሚጠቅመን ሌላ ነው። ውሻን ሳያስደነግጡ መያዝን፣ ክትባትን በመዝገብ መከታተልን፣ መራባቱን በቀዶ ሕክምና መወሰንን ተምረው ይምጡ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው የሚደርሰው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ በውሻ በኩል ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው ሰባውን በተከታታይ መከተብ። መርዝ መበተን ግን የተከተበውን ካልተከተበው ሳይለይ ይፈጃል፤ በባዶው ሰፈርም ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይተካል። ስለዚህ ውሻን መከተብ ልጅን ማዳን ነው። ሳቂዎቹ ይህን ይመልሱልን!

ስለ አህያም ቢሆን የሕዝብ ድምፅ ምን እንደሚሠራ አይተናል። ቆዳዋ በቻይና ለባህል መድኃኒት ስለሚፈለግ በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 ሕዝቡ አጕረምርሞ ተዘጋ። በየካቲት 2024ም የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። አህያ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለችና፣ አንዴ ያለቀ መንጋ በቶሎ አይተካም። ይሁን እንጂ ከቄራ የዳነችው አህያ ዛሬም ገጣባ ጀርባዋን ይዛ በየገበያው ትታያለች። ውሳኔ ቍስል አያደርቅም፤ ቍስል የሚያደርቀው እጅ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ተነጋግሮ ፈቃደኛ ተማሪዎች በቅዳሜ ቀን ከሐኪሞቹ ሥር የሚያገለግሉበትን መንገድ ይፈልግ። ከጭነት ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ድሪቶ እንዴት እንደሚሰፋ ለባለአህዮች ማሳየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውሻ የሚነካ ተማሪ ግን አስቀድሞ ራሱ ይከተብ። መምህራኖቻችንም የውጭ አገር ዕድል ለሚያገኘው ተማሪ በሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለውን አገልግሎት እንዲቈጥሩለት እንለምናለን።

በሰው አገር የውሻ ቤት የጠረገ እጅ በአገሩ የአህያ ቍስል ለማጠብ ከተጸየፈ፣ ያን ጊዜ ሳቁ ተገቢ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚሠራውን አንሣቅበት፤ አብረነው እንሥራ።